ሞተር ብስክሌት ከመግዛት በፊት መንዳትን መማር ይቅደም

ከሶፊ፣ ከኤረርና ከድሬ ጥያራ ወደ ሐረር ከተማ የሚያስገቡት መንገዶች ለብዙ ዘመን የሚያውቁት የአህያና የግመል ኮቴ፣ እንዲሁም ሸክም አዝለው ወደ ገበያ የሚገሰግሱ እግረኞችን ነበር። ዛሬ በእነዚሁ መንገዶች የሞተር ብስክሌት ድምፅ ይሰማል። ጫትና ቡና ሸጦ ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ ወጣት ገበሬ ከሚመኛቸው ነገሮች አንዱ ሞተር መግዛት ሆኗል። የግብርና ባለሙያውና የእንስሳት ጤና ሠራተኛውም ከመንደር መንደር የሚዘዋወሩት አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ መጓጓዣ ነው።

ይህ መልካም ለውጥ መሆኑ አይካድም። በእግር ግማሽ ቀን የሚፈጀው መንገድ በሞተር ጥቂት ሰዓት እንኳ አይወስድም። የታመመች ላም መድኃኒት ይደርስላታል። ለዘር የሚሆን እህል ከከተማ በጊዜው ይመጣል። በተለይም ጫት ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ የሚጠወልግና ዋጋው በየሰዓቱ የሚወድቅ ስለሆነ፣ ወደ አወዳይም ሆነ ወደ ሐረር ገበያ በፍጥነት ማድረስ ለገበሬው ትልቅ ጥቅም አለው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ተዘንግቷል። ሞተር ብስክሌት በአንድ ቀን ይገዛል፤ መንዳት ግን በአንድ ቀን አይለመድም። ገበሬ ወይፈን ገዝቶ ባመጣበት ዕለት ጠምዶ ወደ ማሳ አይገባም። ከለመደ በሬ ጋር አጣምሮ፣ ቀንበሩን እያላመደ፣ ቀስ በቀስ ይገራዋል። ለወይፈኑ የሚደረገው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለገዛ ልጅ ሲሆን መቅረቱ የሚያስገርም ነው። ወጣቱ ሞተሩን ጠዋት ተረክቦ፣ ከጓደኛው ማርሽ አገባቡን በግማሽ ሰዓት አይቶ፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰው ከኋላው አፈናጥጦ ወደ ገበያ ሲወርድ ማየት የተለመደ ሆኗል።

ለዚህ ስሕተት ተጠያቂው ወጣቱ ብቻ አይደለም። ነገሩ የገበሬ ማኅበራትንና የመሪዎቻቸውን ትኩረት የሚጠይቅ ነው። ሞተሩን የሚገዛው አንድ ሰው ቢሆንም፣ አደጋው ሲደርስ ሸክሙ የሚወድቀው በመላው መንደር ላይ ነውና። ቁስለኛውን ተሸክሞ ወደ ሆስፒታል የሚወስደው ጎረቤት ነው። ማሳው ጦም እንዳያድር የሚያርስለት ጎረቤት ነው። ሲሞትም የሚቀብረውና ልጆቹን የሚያሳድግለት ያው ጎረቤት ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ከእነዚህም ውስጥ 21 በመቶው በባለሁለትና በባለሦስት እግር ሞተሮች ይጓዙ የነበሩ ናቸው። መኪና ነጂውን በብረት ይከልለዋል፤ ሞተር ነጂውን ግን የሚከልለው የለበሰው ልብስ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሞተር ነጂ ዋናው ጋሻ ዕውቀትና ጥንቃቄ ነው።

አዲስ ነጂዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

በየመንደሩ አዲስ ነጂዎች የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ብዙም የተለያዩ አይደሉም። የመጀመሪያው የፍሬን ጉዳይ ነው። ብዙዎች የፊቱን ፍሬን እንዳይነኩ፣ ከነኩት ሞተሩ እንደሚገለብጣቸው ሲነገራቸው ይሰማል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ነጂው ፍሬን ሲይዝ የሞተሩም የራሱም ክብደት ወደ ፊት ስለሚጫን፣ ሞተሩን በደንብ የሚያቆመው የፊቱ ጎማ ነው። በእግር የሚረገጠው የኋላ ፍሬን ብቻውን ሲያዝ ጎማው ቶሎ ይቆለፍና ይንሸራተታል። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ የፊቱን በጣቶች ቀስ እያሉ እየጨመሩ መያዝ ያስፈልጋል። የሚገለብጠው የፊቱን ፍሬን በድንገት ጨምድዶ መያዝ ነው፤ በተለይም ሞተሩ በኩርባ ላይ ሲያዘነብል ወይም መንገዱ ጠጠርና አሸዋ ሲሆን።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ቁልቁለት ነው። የሐረር አካባቢ ነጂ ይህን ጥያቄ ችላ ሊለው አይችልም። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ዝቅ ያለች ናት። የደንገጎ ቁልቁለት ለዚህ ምስክር ነው። በምሥራቅም በኩል ወደ ኤረር ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ቀላል አይደለም። ብዙ አዲስ ነጂዎች ቤንዚን ለመቆጠብ ሲሉ ማርሹን ፎሌ አድርገው ወይም ፍሪሲዮኑን ይዘው ቁልቁል ይለቁታል። በዚህ ጊዜ ሞተሩን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ይሆናል። ፍሬኑም እያደር ይግላል፣ የመያዝ ኃይሉም ይቀንሳል። ትክክለኛው ዘዴ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ወደ ሁለተኛ ወይም ወደ ሦስተኛ ዝቅ አድርጎ፣ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን እንዲገታው ማድረግ ነው። የሚቆጠበው ጥቂት ቤንዚን ከአንድ እግር ስብራት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ሦስተኛው ስለ ጭነት ነው። ሞተር ብስክሌት የተሠራው ለነጂውና ቢበዛ ለአንድ ተጨማሪ ሰው ነው። ይሁንና ሦስት ሰው፣ አልፎ ተርፎም ከነልጁ አራት ሰው ሲጫንበት ይታያል። ጆንያ ጫት ወይም ኩንታል ማሽላ ከኋላ ጎማው ባሻገር ሲንጠለጠል የፊቱ ጎማ ይቀልላል። የፊቱ ጎማ ሲቀልል ደግሞ መሪው አይታዘዝም፣ የፊቱም ፍሬን አይዝም። ጭነቱ ዝቅ ብሎ፣ ወደ መካከል ተጠግቶና ግራ ቀኙ ተመጣጥኖ እንደ አህያ ጭነት በጥብቅ መታሰር አለበት። አህያ የመጫን ልምድ ያለው ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የተንጋደደ ጭነት አህያዋን እንደሚጥላት ሁሉ ሞተሩንም ይጥለዋል።

አራተኛው ፍርሃት ነው። ሰው ስለ ፍርሃቱ በግልጽ አይናገርም፤ ወጣት ነጂ ደግሞ በጓደኞቹ ፊት ፈሪ መባልን ከመውደቅ ይልቅ ይፈራል። ነገር ግን አዲስ ነጂ መፍራቱ የጤናማ አእምሮ ምልክት ነው። መፍትሔው ፍርሃቱን መደበቅ ሳይሆን ሜዳ ፈልጎ መለማመድ ነው። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ባዶ የሚሆን ደልዳላ ማሳ ወይም የትምህርት ቤት ሜዳ ለዚህ ይበቃል። በዝግታ መሄድ፣ ድንጋይ በመስመር ተክሎ በመካከሉ መጠማዘዝ፣ በተመለከተ ቦታ ላይ መቆም፣ ከቆሙበት ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሳይንሸራተቱ መነሣት፣ እነዚህ አራቱ በደንብ እስኪለመዱ ድረስ መንገድ መውጣት አይገባም። በልምምዱ ጊዜ ዓይን ሊደረስበት ወደሚፈለገው ቦታ መመልከት አለበት። ጉድጓዱን ትኩር ብሎ የሚያይ ነጂ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባልና።

አምስተኛው ፍጥነት ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንዲት ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ደግሞ በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጠጋል። ፍየል ወይም ሕፃን ድንገት መንገድ ሲገባ፣ ነጂው አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ያቺ ሴኮንድ አልፋለች። ፍሬን ከተያዘ በኋላም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ጫቱ እንዳይጠወልግ የሚከንፈው ነጂ ይህን ሒሳብ ቢያውቀው ኖሮ ቀድሞ መነሣትን ከመብረር ይመርጥ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች መባሉ በከንቱ አይደለም።

ከዚህም ሌላ የሌሊት ጉዞ ለአዲስ ነጂ ፈጽሞ አይመከርም። የሞተር የፊት መብራት የሚያሳየው ርቀት አጭር ነው። በሐረር ዙሪያ ደግሞ ከመሸ በኋላ መንገዱን ከሰው ጋር የሚጋራው ጅብ እንዳለ ማንም ያውቃል። ጫት ሲቅም አምሽቶ የሚነዳም ሰው ራሱን ያታልላል። ምርቃናው ድካሙን ይሸፍንበታል እንጂ አያጠፋለትም። መጠጥ የቀመሰ ሰው ግን ጨርሶ መንካት የለበትም።

ከተማ ሲገቡ

በመንደሩ ሜዳ የተለማመደ ነጂ ሐረር ሲደርስ ሌላ ትምህርት ይጠብቀዋል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው የጁገል ግንብ ወደ 48 ሄክታር የሚጠጋ ስፍራ ያቀፈ ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች 368 እንደሚደርሱ ይነገራል። ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር የሚባሉት አምስቱ ጥንታዊ በሮች የተከፈቱት ለእግረኛና ለጭነት ከብት ነው። ዛሬ መኪና የሚገባበት የሐረር በር ከብዙ ዘመን በኋላ የተጨመረ ነው። ከተማይቱ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውም እነዚህን ግንቦችና መተላለፊያዎች ከነሕይወታቸው ስለያዘች ነው።

ስለሆነም በእነዚያ መተላለፊያዎች ውስጥ መብት የእግረኛው ነው። በኩርባው ማዶ ልጅ ይጫወት፣ አረጋዊት ትቀመጥ፣ አህያ ይምጣ አይታወቅም። ድንጋዩም በብዙ ሰው እግር ተረግጦ ስለለሰለሰ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። ከገጠር የመጣ አዲስ ነጂ ሞተሩን ከበሩ ውጭ አቁሞ በእግሩ ቢገባ፣ ግድ ከሆነበትም አጥፍቶ እየገፋ ቢገባ፣ ራሱንም ሰውንም ያከብራል። ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው፤ ፈረስ ነጂም ቢሆን በገበያ መካከል ልጓሙን ይይዛል እንጂ አይጋልብም።

ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማም ባጃጁ፣ ታክሲው፣ የጭነት መኪናውና እግረኛው በአንድ መንገድ ይጋፋሉ። አዲስ ነጂ እዚህ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር፣ ሌሎች እንደማያዩት አድርጎ መንዳትን ነው። ፍሬቻ ሳያሳይ አይታጠፍ። ስፖኪዮውን ሳይመለከት አይቅደም። ከቆመ ታክሲ አጠገብ ሲያልፍ በር ሊከፈት እንደሚችል ይጠብቅ። ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ዘይትና አቧራ ስለሚቀላቀሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያንሸራትቱ መሆናቸውን ያስታውስ።

የራስ ቁር ጉዳይ

ስለ ራስ ቁር ሲነሣ የሚሰማው ምክንያት ብዙ ነው። ይሞቃል፣ ድምፅ ይከለክላል፣ ውድ ነው፣ መንገዱ ቅርብ ነው ይባላል። በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች አንድ ላይ ተመርምረው እንዳረጋገጡት ግን፣ የራስ ቁር ያደረገ ሞተር ነጂ አደጋ ሲደርስበት የመሞት ዕድሉ በ42 በመቶ፣ በራሱ ላይ ጉዳት የመድረስ ዕድሉም በ69 በመቶ ይቀንሳል። ለአንድ ሞተር ብዙ ሺህ ብር ያወጣ ሰው ለራስ ቁር ገንዘብ የለኝም ቢል የሚያሳምን አይሆንም። ይህም ቢሆን ቁሩ በአገጭ ሥር ካልታሰረ ሰውየው ሳይወድቅ ቁሩ ቀድሞ ይወድቃል። የሕንፃ ሠራተኞች የሚያደርጉት ቆብም፣ ጥምጥምም የራስ ቁርን አይተኩም። ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው ራስ አለው፤ ለእርሱም ሁለተኛ ቁር ያስፈልጋል።

አደጋ ከደረሰ በኋላም ብዙ ጊዜ ጉዳቱን የሚያብሰው የረዳቱ ጥድፊያ ነው። የወደቀውን ሰው ጎትቶ ማንሣት፣ ቁሩን መንጭቆ ማውለቅ፣ በሌላ ሞተር ላይ በሁለት ሰው መካከል አጣብቆ መውሰድ የአንገትና የጀርባ አጥንትን ይጎዳል። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ፣ አንገቱ እንዳይዞር ደግፎ፣ በሳንቃ ወይም በጠንካራ አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ በመኪና ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደ ሌላ ቅርብ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል።

የገበሬ ማኅበራት ድርሻ

አንዳንዶች ይህ የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው ይላሉ። እርግጥ ሕጉ አለ። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳትን ይከለክላል። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005ም ሞተር ብስክሌትን ጨምሮ ማንኛውም ተሽከርካሪ መድን እንዲገባለት ያዛል፤ ለተጎጂውም በወጣበት ጊዜ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና ወጪ ደንግጓል። ይሁንና ፖሊስ የሚቆመው በአስፋልቱ ላይ ነው። ወጣቱ መንዳት የሚጀምረውና ክፉ ልማድ የሚያበቅለው ግን በመንደሩ ውስጥ፣ በአባቱና በማኅበሩ መሪ ዓይን ሥር ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሌሎች ደግሞ መፍትሔው ክልከላ ነው ይላሉ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የሞተር ብስክሌቶችን እንቅስቃሴ ማገዷና በኋላ በልዩ ፈቃድ እንዲሠሩ ማድረጓ ይታወሳል። በዋና ከተማ ሌላ መጓጓዣ አለ። በገጠር ግን ሞተርን መከልከል ገበሬውን ከገበያና ከአገልግሎት ማራቅ ነው። የሚያስፈልገው ሞተሩን ማስቀረት አይደለም፤ ነጂውን ማስተማር ነው።

ደንብ የበዛበት ወጣት ያኮርፋል፣ ሞተሩንም ለመሥሪያ የገዛው ደሃ ሥራ ይፈታል የሚለው ሥጋት ግን ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም። ብድር ገብቶ ሞተር ለገዛ ሰው እያንዳንዱ ቀን ገንዘብ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ የሚያወጣው ደንብ አጭርና የሚቻል መሆን ይኖርበታል። ለምሳሌ አዲስ ነጂ ለመጀመሪያው አንድ ወር ሰው አያፈናጥ፣ ከባድ ጭነት አይጫን፣ ሌሊት አይንዳ፣ በገበያ ቀን ወደ ከተማ አይውረድ። በዚያው ወር ውስጥ በመንደሩ ካሉት የበሰሉና ፈቃድ ካላቸው ነጂዎች አንዱ፣ የግብርና ባለሙያውም ሊሆን ይችላል፣ በሳምንት አንድ ቀን በሜዳ ያለማምደው። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ካቴናው፣ መብራቱና ዘይቱም በየሳምንቱ መታየት እንዳለበት ያሳየው። ከወሩ በኋላ ለፈተና ወደ ከተማ ሲሄድ ተዘጋጅቶ ይሄዳል። አንድ ወር ታግሦ የቆየ ሞተር ለብዙ ዓመት ያገለግላል።

ወጪውም ቢሆን ከማኅበረሰቡ አቅም በላይ አይደለም። በሐረርና በአካባቢዋ አፎቻ የሚባል የቆየ የመረዳጃ ማኅበር አለ። አባል ሲሞት ያዋጣል፣ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ያጽናናል። ይህ የተከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን ለወጣት አባል መግነዣ በአንድ ቀን የሚያዋጣ አፎቻ፣ ለዚያው ወጣት የራስ ቁር መግዣ ቢያበድረው ምን ይጎዳል? ብድሩ በጥቂት ሳምንት ገቢ ይመለሳል። ለቀብር የወጣው ግን ሰውየውን አይመልሰውም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ይህን ሐሳብ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ለአፎቻ ሽማግሌዎች ቢያቀርቡ፣ ሽማግሌዎቹ ከማንም ይልቅ የሚረዱት ይሆናል። የብዙ ወጣቶችን ጀናዛ የተሸከሙት እነርሱ ናቸውና።

መሪውም ራሱ ሞተር የሚነዳ ከሆነ ምሳሌነቱ ከስብሰባው ንግግር ይበልጣል። ቁር ሳያደርግ የሚነዳ መሪ ስለ ቁር የሚናገረውን የሚሰማው አይኖርም። ቁሩን አስሮ፣ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዞ፣ ሞተሩን ከበሩ ውጭ አቁሞ ወደ ፈረስ መጋላ በእግሩ የሚገባ መሪ ግን ምንም ሳይናገር ያስተምራል።

በየመንደሩ የሞተር አደጋ ሲደርስ የሚሰማው ጸጸት አንድ ዓይነት ነው። ገና አልለመደም ነበር ይባላል። አለመልመዱ ይታወቅ ከነበረ ያስቆመው ሰው ለምን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በዚህ የመኸር ምርት ገንዘብ የሚያገኙ ወጣቶች ከወዲሁ የሞተር ዋጋ እየጠየቁ ነው። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ልምምዱ የሚካሄድበትን ሜዳና የሚያለማምደውን ሰው መወሰን ያለባቸው ሞተሮቹ ተገዝተው ከመምጣታቸው በፊት ነው።